ፍርስራሹን የሣለው አሲዱም ጭምር ነው፦ ስለ ሮማንቲክ ዘመን ህትመቶች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በሮማንቲክ ዘመን፣ በግምት ከ1780 እስከ 1850 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ አውሮፓ ውስጥ ስለታተሙ የጥንት ፍርስራሽ ምስሎች ነው። ክርክሩ ሲጠቀለል ይህን ይመስላል። ምስሎቹ ሁሉ በመዳብ ላይ በስለት የተፈለፈሉ ናቸው። የዘርፉ አባት ሮማንቲኩ ጣሊያናዊ የህትመት ሰዓሊ ፒራኔዚ ነው፤ ፍርስራሾቹንም ከራሱ ፈጥሮ ነው የሣላቸው። ግንቡ ላይ የበቀለው ቁጥቋጦና ከሥሩ የቆመው እረኛ ሐዘን ለመቀስቀስ የተጨመሩ ጌጦች ናቸው። የሄንሪ ሳልት የአክሱም ሐውልት ምስል ግን ሰውየው ያየውን ከነቀለሙ ያስቀረ ነው። ሊቶግራፊ (በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተመው) ርካሽ ስለነበር ታላላቆቹ ሰዓሊዎች ናቁት። በመጨረሻም በ1839 ፎቶግራፍ ሲመጣ ሁሉም ነገር አበቃ።

ጽሑፉ አንድ ነገር በትክክል ይዟል። ከ1793 እስከ 1815 በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል የነበረው ጦርነት እንግሊዛውያንን ከጣሊያን መንገድ አስቀርቶ ፊታቸውን ወደ ገዛ አገራቸው የፈረሱ ገዳማት እንዳዞረ ጽፏል። እውነት ነው። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ተርነር ከ1807 እስከ 1819 ባወጣው «ሊቤር ስቱዲዮረም» የተባለ የህትመት ስብስብ ውስጥ የሪቮ ገዳምና የሆሊ አይላንድ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሾች ከሮማ ቤተ መቅደሶች ጎን የተሰለፉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በቀር ያሉት ነጥቦች ግን አንድ በአንድ መታረም አለባቸው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩትም ከአንድ ቦታ ነው፤ ጸሐፊው ምስሉን እንጂ ምስሉ የሚታተምበትን ሰሌዳ አላየም።

«ሁሉም በመዳብ ላይ በስለት የተፈለፈሉ ናቸው»

አይደሉም። በስለት መፈልፈል (ኢንግሬቪንግ) ማለት ቡሪን የሚባለውን ባለ አራት ማዕዘን ሹል ብረት በመዳፍ ገፍቶ ከመዳቡ ላይ ቀጭን የብረት ክር እያነሱ መሄድ ነው። የሚወጣው መስመር ንጹሕ ነው፤ ሲጀምር ይቀጥናል፣ መሀሉ ላይ ይወፍራል፣ ሲያልቅ እንደገና ይሾላል። ለፊት፣ ለልብስ እጥፋትና ላልተነካ ሕንፃ እጅግ ጥሩ ነው። ለተሰባበረ ድንጋይ ግን አይመችም፤ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቆራረጥ፣ በድንገት የሚታጠፍ መስመር ከቡሪን በቀላሉ አይወጣም።

ስለዚህ አብዛኛው የፍርስራሽ ምስል በኤቺንግ ተጀመረ። ሰሌዳው ከሰም፣ ከሬንጅና ከሙጫ በተሠራ ስስ ሽፋን ይለበጣል፤ ሰዓሊው በመርፌ ሽፋኑን ብቻ ይጭራል፤ መዳቡን የሚበላው አሲዱ ነው። መርፌ እንደ እርሳስ ስለሚሄድ እጅ የተሰማውን ሁሉ ይቀበላል። ጥላውን የሚያመጣው ደግሞ አኳቲንት ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ማለት ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ስሙን እንኳ ስላላነሣው።

አኳቲንት በፈረንሳይ በ1768 በዣን ባፕቲስት ለፕሬንስ እጅ ታወቀ፤ በእንግሊዝ በ1770ዎቹ በፖል ሳንድቢ በኩል ተስፋፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ በጠመኔ ዱቄትና በአሞንያ ይታጠባል፤ ውሃው እየተንጠባጠበ መሰባሰቡን ትቶ እንደ መስታወት ወጥ ሆኖ እስኪዘረጋበት ድረስ። ቅባት ከቀረበት ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ሙጫው (ሮዚን) በሁለት መንገድ ይለበጣል። በደረቁ መንገድ፣ የሮዚን ዱቄት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይበተናል፤ ሻካራው ብናኝ እስኪወድቅ አንድ ደቂቃ ያህል ተጠብቆ ሰሌዳው ይገባና ደቃቁ ያርፍበታል። ዱቄቱ የሰሌዳውን ግማሽ ገደማ ሲሸፍን ይወጣል፤ ከሥር እሳት ይሰጠዋል፤ ነጩ ብናኝ ወደ ግልጽ ጠብታነት ሲለወጥ በዚያው ቅጽበት እሳቱ ይነሣል። እርጥቡ መንገድ እንግሊዞች የወደዱት ነው። ሮዚን በአልኮል ይሟሟና ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ ይፈሳል፤ አልኮሉ ሲተን ሙጫው ተሰነጣጥቆ እንደ መረብ ይቀራል። ደቃቅነቱን የሚወስነው የሙጫው መጠን ነው።

ቀጥሎ የአሲዱ ተራ ነው። ፍጹም ነጭ የሚቀረው፣ ለምሳሌ ከተሰበረው ቅስት በስተኋላ ያለው ብርሃን፣ በቫርኒሽ ይሸፈናል። አንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ለስምንት ወይም ለአሥር እጅ ውሃ ተቀላቅሎ (አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም) ሰሌዳው ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ይነከራል። ይህ የሰማዩ ስስ ግራጫ ነው። ታጥቦና ደርቆ ሰማዩ ይሸፈናል፤ ሁለተኛው ንክር ለሩቁ ኮረብታ፣ ሦስተኛው ለብርሃን ፊት ለፊት ላለው ድንጋይ፣ እያለ በመጨረሻ የቅስቱ ውስጥ ጨለማ ብቻውን ለብዙ ደቂቃ ይበላል። በየመሀሉ የሚነሡት አረፋዎች በላባ ይጠረጋሉ፤ አረፋ የተቀመጠበት ቦታ ስለማይበላ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታተማል።

ይበላሻልም። እሳቱ ከበዛ የሙጫው ጠብታዎች ይያያዙና አሲድ መግቢያ ያጣል፤ ጥላ ይሆናል የተባለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እሳቱ ካነሰ ሙጫው አሲዱ ውስጥ ይላቀቅና መዳቡ ጠቅላላ ይገፈፋል። ንክሩ ከረዘመ በጉድጓዶቹ መካከል ያሉት ጥቃቅን ደሴቶች ተበልተው ያልቃሉ፤ ጉድጓዱ ሰፊ ገበታ ይሆናል፤ ሲታተም ቀለሙ ተጠርጎ ይወጣና የጠቆረ ዋሻ የተጠበቀበት ቦታ ላይ ዳር ዳሩ ጥቁር፣ መሀሉ ገርጣ ያለ ነገር ይቀራል። በብዙ ያረጁ ህትመቶች ላይ «ጭጋግ» እየተባለ የሚደነቀው አንዳንዱ ይኸው ብልሽት ነው።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ አኳቲንት ራሱን አይደብቅም፤ በቀለም መረብ የተከበቡ ነጫጭ ደሴቶች ይታያሉ፤ አንዱ ጥላ ከሌላው ጋር የሚገናኘውም እንደ ደረጃ በተቆረጠ ጠርዝ ነው። ሜዞቲንት ተቃራኒው ነው። ሰሌዳው ሙሉ ለሙሉ ጥርስ ባለው ብረት ተወግቶ ሻካራ ከተደረገ በኋላ ብርሃኑ እየተፋቀ ይወጣል። ተርነር በ«ሊቤር» የታተሙትን 71 ሰሌዳዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሠራው በዚህ መንገድ ነበር፤ መስመሩን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በኤቺንግ ያኖርና ጥላውን እንደ ቻርልስ ተርነር (ዝምድና የላቸውም) እና ዊሊያም ሴይ ያሉ ባለሙያዎች በሜዞቲንት ይጨርሱታል፤ ጥቂቱን ብቻ እሱ ራሱ ፈጽሟል። ሦስቱ ዘዴዎች ለአንድ ፍርስራሽ ሦስት የተለያየ ጠባይ ይሰጡታል፤ ሁሉንም «የመዳብ ፍልፍል» ብሎ ማለፍ ክራርንም በገናንም ማሲንቆንም «ባለ ጅማት» ብሎ እንደመጨረስ ነው።

«ፒራኔዚ ሮማንቲክ ነበር፤ ፍርስራሹንም ከራሱ ፈጠረ»

ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ በ1720 ተወልዶ በ1778 ሞተ። ሮማንቲኮቹ ወደዱት እንጂ ከእነሱ አንዱ አልነበረም። ከራሱ የፈጠራቸው ሥራዎች አሉ፤ ከሁሉ የታወቁት የእስር ቤት ምስሎቹ ናቸው። በ1756 ያወጣው ባለ አራት ቅጽ የሮማ ጥንታዊ ሥራዎች መጽሐፍ ግን በልኬት፣ በግንብ አቆራረጥና በመሠረት ንድፍ የተሞላ የሕንፃ ባለሙያ ሥራ ነው። 135 ሰሌዳ ያለው የሮማ እይታዎች ስብስቡም የቆሙ ሕንፃዎችን ነው የሚያሳየው። ማጋነኑን አንክድም። የሚያጋንነው ግን በተለይ በሁለት መንገድ ነው፤ ዓይኑን መሬት ድረስ ዝቅ ያደርጋል፣ ሰዎቹን ያሳንሳል። ድንጋዩን ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሮማ ፎረም፣ የጥንቷ ከተማ አደባባይ፣ ነው። ፒራኔዚ የቬስፓስያን ቤተ መቅደስን ሦስት ዓምዶች ከአፈር ውስጥ ወደ አናታቸው ግድም ብቻ ብቅ ብለው ነው የሣላቸው። ያኔ እንዲያ ነበሩ። ሮማ በናፖሊዮን አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ ከ1810 በኋላ፣ አፈሩ ተጠርጎ ዓምዶቹ እስከ እግራቸው ወጡ። ሉዊጂ ሮሲኒ ከ1819 ጀምሮ በሠራቸው 101 ሰሌዳዎች የምናየው ፎረም ከፒራኔዚ የተለየው አንዱ ስለዋሸ አይደለም፤ መሬቱ ስለወረደ ነው።

ጽሑፉ የፒራኔዚን «ጥቁር ሮማንቲክ ስሜት» ለማሳየት የተጠቀመበትም ቅጂ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ሰሌዳዎቹ ፒራኔዚ ከሞተ በኋላ በልጆቹ እጅ በ1799 ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ በ1830ዎቹ አሳታሚው ፊርማን ዲዶ እዚያ አተማቸው፤ በ1839 ጳጳሳዊው የህትመት ቤት ገዝቶ ወደ ሮማ መለሳቸው፤ ከዚያም በኋላ መታተማቸው ቀጠለ። በሕይወት ሳለ የታተመው ቅጂ መስመሩ ሹል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ወረቀት የሚያበራ ነው። የኋለኛው ግን የተበላው መስመር በአዲስ ንክር ተጠናክሮ፣ በከበደ ቀለም ተጠቅጥቆ የታተመ በመሆኑ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ስለ ሰውየው ስሜት ከመጻፍ በፊት ቅጂው የየትኛው ዘመን እንደሆነ መጠየቅ ይገባ ነበር።

«ቁጥቋጦውና እረኛው ጌጥ ናቸው»

ሪቻርድ ዲኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1855 በኮሎሲየም ፍርስራሽ ላይ የሚበቅሉትን ተክሎች መዝግቦ 420 ዓይነት ቆጥሯል። ጣሊያን አንድ ሆና ሮማ ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ግንቡ ተጠርጎ አሁን የምናውቀው ራቁት ድንጋይ ሆነ። ፍየሉም ላሙም እውነት ነበሩ፤ ፎረሙ ለዘመናት «ካምፖ ቫቺኖ»፣ የከብት ሜዳ፣ ይባል የነበረው በከንቱ አይደለም። እረኛው ቦታውን ሊቀይር ይችላል፤ ሰሌዳውን የሚሠራው ቀራጭ መጠን ማሳያ ስለሚፈልግ ከዓምዱ እግር አጠገብ ያቆመዋል። ከዚያ በላይ ግን ጌጥ ማለት ስህተት ነው።

እንዲያውም ጸሐፊው ትኩረቱን ከቁጥቋጦው ወደ ግንቡ ቢያዞር የበለጠ ያተርፍ ነበር። የኮሎሲየም የውጭ ግድግዳ በምሥራቅ በኩል በራፋኤሌ ስተርን ትልቅ የጡብ ድጋፍ በ1807 ተሠራለት፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ጁሴፔ ቫላዲየር በ1820ዎቹ ሌላ ሠራ። ቀን ያልተጻፈበት ህትመት ላይ የምሥራቁ ድጋፍ ከሌለ ሥዕሉ ከዚያ በፊት ተነሥቷል ማለት ነው፤ ሁለቱም ካሉ ደግሞ ከ1820ዎቹ ወዲህ ነው። ሐዘንን ከመተርጎም ይህ ይሻላል።

«የሳልት የአክሱም ሐውልት ያየውን ከነቀለሙ ያስቀረ ነው»

ለእኛ አንባቢ የቀረበው ነጥብ ይህ ስለሆነ ጠንቀቅ ብለን እንየው። ሄንሪ ሳልት የእንግሊዛዊው ተጓዥ የሎርድ ቫለንሺያ ጸሐፊና ሰዓሊ ሆኖ መጥቶ አክሱምን ያየው በ1805 ነው። ህትመቱ «ሃያ አራት እይታዎች» በሚል ስብስብ ውስጥ ለንደን የወጣው በ1809 ነው። ቆሞ የቀረውን፣ 21 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጋር ያሳያል። 24 ሜትሩ ያኔ መሬት ላይ ተሰባብሮ ነበር፤ በ1937 ወደ ሮማ የተወሰደውና በ2005 የተመለሰው እሱ ነው።

በሥዕሉና በህትመቱ መካከል ግን አራት ዓመትና ብዙ እጅ አለ። መጀመሪያ፣ በሰሌዳ ላይ የተሠራ ሁሉ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ቀራጩ ሥዕሉን በመስታወት እያየ ወይም በስስ ወረቀት ገልብጦ ነው ወደ መዳቡ የሚያሻግረው፤ ይህን ቢዘነጋ ዛፉ ከሐውልቱ ማዶ ይሻገር ነበር። ሁለተኛ፣ ዝርግ የድንጋይ ፊት ላይ የተቀረጸው የበር፣ የመስኮት ረድፍና የእንጨት ጫፍ አምሳል ጥልቀቱ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። አኳቲንት ጥላን በደረጃ ስለሚሰጥ እንዲህ ያለውን ስስ ቅርጽ ከሁለት ወይም ከሦስት ደረጃ በላይ መክፈል አይችልም፤ ቀሪውን መስመር ይሸከመዋል። ያልፈረሰ፣ ጠርዙ የሚቆርጥ ሐውልት በፍርስራሽ ቋንቋ ሲታተም የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሳልት ዓይን ምክንያት አይደለም።

ቀለሙ ደግሞ ከማተሚያው አልወጣም። ለንደን ውስጥ የተለመደው አሠራር ሰሌዳውን በአንድ ወይም በሁለት ቀለም፣ ለምሳሌ ለሰማዩ ሰማያዊ ግራጫ፣ ለመሬቱ ቡናማ ቀብቶ በአንድ ጊዜ ማተም ነበር። የቀረውን የውሃ ቀለም ቀቢዎች ጠረጴዛ ከበው፣ የጸደቀውን ናሙና እያዩ፣ አንዱ ሰማዩን፣ ሌላው ሣሩን እየቀባ ያሳልፈዋል። አክሱምን ያየ ከመካከላቸው አይገኝም። ስለዚህ ከስብስቡ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ሰማያቸው አንድ ባይሆን የሚያስገርም ነገር የለውም።

ሰማዩን ልብ ማለት የሚገባው በሌላም ምክንያት ነው። መዳብ ለስላሳ ነው፤ በእያንዳንዱ ህትመት የሮለሩ ግፊትና ቀለሙን የሚጠርገው ጨርቅ ጥቃቅኖቹን ጉድጓዶች እየፈተጉ ያሳንሳሉ። ቀድሞ የሚጠፋው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተበላው፣ ማለትም ሰማዩ ነው። ጥቂት መቶ ቅጂ ከወጣ በኋላ ሰማዩ ይገረጣል፤ ቀቢው ያንን ጉድለት በወፍራም ሰማያዊ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ደማቅ ሰማይ ያለው ቅጂ ዘግይቶ የታተመ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የውሃ ምልክቱን ማንበብ ነው፤ ከ1794 ወዲህ እንደ ጄ. ዋትማን ያሉ የእንግሊዝ ወረቀት ሠሪዎች ዓመተ ምሕረት ያስገቡ ነበር። 1809 የሚል ሰሌዳ 1820ዎቹን የሚል ወረቀት ላይ ካለ ነገሩ አለቀ። ቀለሙ በወረቀቱ ጀርባ ከዘለቀም ይጠርጠር፤ ወረቀት ሲያረጅ ሙጫው ስለሚያልቅ በቅርብ ጊዜ የተቀባ ቀለም ይሰርጋል፤ በዘመኑ የተቀባው ግን ላይ ላዩን ይቀራል።

ሌላም አለ። ጽሑፉ ሳልትን «የመጀመሪያው» ይለዋል። የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ መጽሐፍ ከነሐውልቱ ምስል የወጣው በ1790 ነው፤ ሳልትም የብሩስን ሥዕል ትክክል አይደለም ብሎ ተችቶታል። ከብሩስ ጋር የመጣው ጣሊያናዊ ሰዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ የቀረ ሲሆን ብሩስ ድርሻውን በሚገባው ልክ አልገለጸለትም። የአክሱም ምስል ታሪክ ሲጻፍ ባሉጋኒን ጨርሶ መርሳት ተገቢ አይመስለንም።

«ሊቶግራፊ ርካሽ ስለነበር ታላላቆቹ ናቁት»

አሎይስ ዜነፌልደር በ1790ዎቹ መጨረሻ ባቫሪያ ውስጥ ያገኘው ዘዴ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ የተናቀ መሆኑ ግን ሐሰት ነው። ባሮን ቴይለር፣ ሻርል ኖዲዬና አልፎንስ ደ ካዩ በ1820 ኖርማንዲን አስቀድመው ያስጀመሩት የጥንታዊት ፈረንሳይ «ሥዕላዊና ሮማንቲክ ጉዞ»፣ በርእሱ «ሮማንቲክ» የሚለውን ቃል ተሸክሞ እስከ 1878 የዘለቀ ትልቅ ሥራ፣ የቆመው በሊቶግራፊ ነው። ሰዓሊዎቹ ጄሪኮ፣ ቦኒንግተንና ኢዛቤ ሠርተውለታል። ከእነዚህ በላይ «ታላላቆች» ጸሐፊው ማንን አስቦ ይሆን?

የወደዱትም በምክንያት ነው። ከዞልንሆፈን የሚመጣው የኖራ ድንጋይ በአሸዋና በውሃ ተፈትጎ ፊቱ እንደ ደቃቅ አሸዋ ወረቀት ይሻክራል፤ ከሰም፣ ከሞራ፣ ከሳሙናና ከጥላሸት በተሠራ እርሳስ በቀጥታ ይሣልበታል። ቀራጭ መሀል አይገባም። ከዚያ የግራር ሙጫ በጥቂት ናይትሪክ አሲድ ተቀላቅሎ ይቀባል፤ ያልተሣለው ቦታ ውሃ የሚይዝ፣ የተሣለው ቅባት የሚወድ ይሆናል። ድንጋዩ በስፖንጅ ይርሳል፣ ቅባታም ቀለም በሮለር ይሰጠዋል፣ ቀለሙ የሚይዘው እርሳሱ የነካውን ብቻ ነው። የእርሳሱ ብናኝ ያረፈበት የድንጋይ ፊት የተሸረፈ ግድግዳን ቆዳ ያለ ምንም ድካም ይሰጣል፤ ለፍርስራሽ የተፈጠረ ይመስላል።

አደጋውም የራሱ ነው። አሲዱ ከበዛ ስሱ ጥላ ይቃጠላል፤ ካነሰ ከ20 ወይም ከ30 ቅጂ በኋላ ጥቁሩ እየተደፈነ ይሄዳል። የጣት አሻራ ቅባት ስለሆነ ይታተማል። የሠሪው ፎረፎር ድንጋዩ ላይ ከወደቀም ይታተማል፤ በአንዳንድ የጎቲክ ፍርስራሽ ሰማይ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ሁሉ ወፍ አይደለም።

ስኮትላንዳዊው ሰዓሊ ዴቪድ ሮበርትስ በ1838 እና በ1839 ግብፅንና ቅድስት ምድርን ዞሮ ያነሣቸውን ሥዕሎች ሉዊ ሄግ ወደ ድንጋይ አሻግሮ ከ1842 እስከ 1849 በ247 ሊቶግራፍ አወጣቸው። ጥቁሩ በአንድ ድንጋይ ላይ ነው፤ የአሸዋውን ቢጫነት የሚሰጠው ሌላ ድንጋይ ነው። ከሁለተኛው ድንጋይ ላይ ብርሃኑ እየተፋቀ ይወጣና በዚያ ቦታ የወረቀቱ ንጣት ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ድንጋዮች በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተዛነፉ ብርሃኑ ከዓምዱ ጠርዝ ይወርዳል። ይህ የርካሽ ሥራ ጥንቃቄ አይደለም።

«በ1839 ሁሉም አበቃ»

የሮበርትስ ዓመታት ብቻውን ይህን ያፈርሰዋል። የሚገርመው ፎቶግራፉ ራሱ ወደ አኳቲንት መሄዱ ነው። ዳጌሮታይፕ፣ ማለትም ያ የ1839 ፎቶግራፍ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚሰጥ ለመጽሐፍ አይሆንም ነበር፤ ስለዚህ የፓሪሱ ኖኤል ሌርቡር ከ1840 እስከ 1844 ባወጣው ስብስብ የአብዛኞቹ ዳጌሮታይፖች መስመር ተቀድቶ ወደ መዳብ ተሻገረ፣ ጥላው በአኳቲንት ተሞላ። የአቴናው ቤተ መቅደስ የፓርቴኖን ሰሌዳው ያኔ በውስጡ የነበረውን ትንሽ መስጊድ ሳይቀር ይዟል። በመንገድ የሚሄዱት ሰዎች ግን የተጨመሩት በቀራጩ እጅ ነው፤ የደቂቃዎች መጋለጥ በሚጠይቅ፣ በብር በተለበጠ ሳህን ላይ የሚራመድ ሰው ምልክት አይተውም ነበር። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ፍሬደሪክ ካተርዉድም በመካከለኛው አሜሪካ ያሉትን የማያ ከተሞች ፍርስራሽ በ1841 በዳጌሮታይፕ ጭምር ቢሠራም በ1844 ያወጣቸው 25 ምስሎች ሊቶግራፍ ናቸው፤ ጫካው ውስጥ ያለውን ደብዛዛ ቅርጽ ከጥላው ለይቶ የሚያወጣው የሰው እጅ ነበርና።